የቆርቆሮ ዋሽንትና አድማጮቹ

ሮበርት ክላርክ በእንግሊዝ አገር፣ በሰፎክ ክፍለ ግዛት ኮኒ ዌስተን በተባለች መንደር የሚኖር የእርሻ ሠራተኛ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1843 ስስ ቆርቆሮ ጠቅልሎ ስድስት ቀዳዳ አወጣለት፤ አፉንም በእንጨት ውታፍ ደፍኖ ለትንፋሽ ጠባብ መተላለፊያ ተወለት። ኋላም ወደ ማንችስተር አቅንቶ ዋሽንቱን በፋብሪካ ያመርተው ጀመር።

ዋጋው ርካሽ ስለነበር የድሃ ልጆች መሣሪያ ሆነ። በ1950ዎቹ የጆሃንስበርግ ታዳጊዎች ክዌላ የተባለውን ሙዚቃ በየጎዳናው ነፉበት፤ ሙዚቀኛው ስፖክስ ማሺያኔም በዚሁ ገነነ። በ1958 «ቶም ሃርክ» የተሰኘው የክዌላ ዜማ በብሪታንያ የሽያጭ ሰንጠረዥ 2ኛ ደረጃ ላይ ደረሰ።

ቤት ውስጥ ግን ሁሉም አያጨበጭብም። የዋሽንቱ ቀጭን ድምፅ ከ2,000 ኸርዝ በላይ ይዘልቃል፤ የሰው ጆሮ ይበልጥ የሚነቃውም ከ2,000 እስከ 5,000 ኸርዝ ባለው ድምፅ ነው። ሰው እስከ 20,000 ኸርዝ ሲሰማ፣ ውሻ እስከ 45,000፣ ድመት እስከ 64,000 ገደማ ይሰማሉ። ዋሽንት ሲነፋ አንዱ ውሻ ያላዝናል፤ ሌላው ክፍሉን ለቆ ይወጣል።

እንግሊዛዊው ፍራንሲስ ጋልተን የእንስሳትን ጆሮ በራሱ ዘዴ ፈትኗል። ከከዘራው ጫፍ ትንሽ ፊሽካ ገጥሞ፣ እጀታው ላይ ያለውን ጎማ እየጨመቀ በአራዊት ማቆያና በከተማ መንገድ ይዘዋወር ነበር። በ1883 ባሳተመው መጽሐፉ ቀጭን ድምፅ በመስማት ድመትን የሚያህል እንዳላገኘ፣ ትንንሽ ውሾች ዘወር ሲሉ ትልልቆቹ ግን ምንም እንዳልመሰላቸው ጽፏል።

በቤትዎ ዋሽንት የሚለማመድ ካለ በሩን ክፍት ይተዉ፤ ውሻዎ ወይም ድመትዎ መውጣት ከፈለጉ እንዲቆዩ አያስገድዷቸው።