የጋዜጠኝነት ዲግሪ በማን ቤት ተወለደ?

ባለፈው መንፈቀ ዓመት የመጨረሻ ክፍለ ጊዜ ላይ አንዲት ተማሪዬ እጇን አንሥታ፣ «መምህር፣ የምንማረው ለመጠየቅ ነው ወይስ መግለጫ ለመጻፍ?» አለችኝ። ክፍሉ ሳቀ፤ እኔም አብሬ ሳቅሁ። ማታ ወደ ቤቴ ስገባ ግን ጥያቄዋ ተከትሎኝ ገባ።

ውድ አንባብያን፣ ይህ የአንዲት ተማሪ ጥያቄ ብቻ አይደለም። የጋዜጠኝነትና የኮሙኒኬሽን ትምህርት በአገራችን የመጣበትን መንገድ ወደ ኋላ ተመልሶ ያየ ሰው፣ ትምህርቱ ከልደቱ ጀምሮ ተሸክሞት የኖረ ጥያቄ መሆኑን ይረዳል።

በአገራችን ጋዜጣው ቀደመ፤ ትምህርቱ እጅግ ዘገየ። በዳግማዊ ምኒልክ ዘመን «አእምሮ» በእጅ እየተጻፈች ለጥቂት መኳንንት ትታደል ነበር። በ1917 ዓ.ም. «ብርሃንና ሰላም»፣ ከጣሊያን ወረራ ማግሥት በ1933 ዓ.ም. ደግሞ «አዲስ ዘመን» ተከተሉ። የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ኮሌጅ በ1943 ዓ.ም. ቢከፈትም ጋዜጠኝነት ለረጅም ዘመን ራሱን የቻለ የዲግሪ ትምህርት አልሆነም። ብዕሩን የያዙት ከቤተ ክህነትና ከመምህርነት የመጡ፣ ወይም እንደ በዓሉ ግርማ አሜሪካ ድረስ ሄደው የተማሩ ነበሩ። በዓሉ በሚሽጋን ስቴት ዩኒቨርሲቲ ተምሮ፣ «አዲስ ዘመን»ን ጨምሮ በርካታ ጋዜጦችንና መጽሔቶችን በአዘጋጅነት መርቶ፣ በማስታወቂያ ሚኒስቴር ከፍተኛ ሥልጣን ላይ ደርሶ ነበር። በ1975 ዓ.ም. «ኦሮማይ»ን አሳተመ፤ በየካቲት 1976 ዓ.ም. ከቤቱ እንደወጣ ቀረ። ሥልጣኑም ዲግሪውም አላዳነውም።

አሜሪካ ውስጥ እ.ኤ.አ. በ1908 በሚዙሪ ዩኒቨርሲቲ የጋዜጠኝነት ትምህርት ቤት ሲከፈት፣ ይከፈትልን ብለው የወተወቱት የክፍለ ግዛቱ ጋዜጠኞች ራሳቸው ነበሩ። የመጀመሪያው ዲን ዋልተር ዊልያምስም የጋዜጣ አዘጋጅ ነበር። በእኛ አገር ግን አሠልጣኙም ቀጣሪውም መንግሥት ሆነ።

አዋጅ ቁጥር 34/1985 ለግሉ ፕሬስ በር ከከፈተ በኋላ ጋዜጦች እንደ አሸን ፈሉ። «ሙያዊ ብቃት የላቸውም» የሚለው ክስ ከባለሥልጣናት አፍ አይጠፋም ነበር፤ ከፊሉ እውነት ነው። የመንግሥቱ የመገናኛ ብዙኃን ማሠልጠኛ ተቋም ግን በዚያው በማስታወቂያ ሚኒስቴር ሥር ነበር። በግሉ ዘርፍ ዩኒቲ ኮሌጅ ማስተማር ጀመረ። በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲም እ.ኤ.አ. በ2004 በኖርዌይ ድጋፍ የማስተርስ ፕሮግራም ተከፈተ። ዓመት ሳይሞላ ወይም ገና እንደሞላ የ1997ቱ ምርጫ መጣ። በ1998 ዓ.ም. የግል ጋዜጦች አዘጋጆች ቃሊቲ ታስረው ሳለ ተማሪዎች ስለ ፕሬስ ነፃነት ንድፈ ሐሳብ ይፈተኑ ነበር። እኔም በዚያ ዘመን የድኅረ ምረቃ ተማሪ ነበርሁ፤ የክፍሉን ዝምታ እስከ ዛሬ አልረሳውም።

ቀጥሎ «ልማታዊ ጋዜጠኝነት» መጣ። ሐሳቡ እ.ኤ.አ. በ1960ዎቹ በእስያ ጋዜጠኞች ዘንድ ሲወለድ ትርጉሙ፣ የልማት ዕቅድ ወረቀት ላይ ካለው ይልቅ መሬት ላይ ለገበሬው ምን አመጣለት ብሎ መመርመር ነበር። እኛ ዘንድ ሲደርስ ምርመራው ወደቀና ምረቃው ብቻ ቀረ። በ2001 ዓ.ም. ማስታወቂያ ሚኒስቴር ፈርሶ የመንግሥት ኮሙኒኬሽን ጉዳዮች ጽሕፈት ቤት ሲቋቋም፣ የኮሙኒኬሽን መዋቅር እስከ ወረዳ ወረደ፤ ብዙ ተማሪዎቼም እዚያ ገቡ። ጽሕፈት ቤቱ በ2011 ዓ.ም. ፈረሰ፤ በ2014 ዓ.ም. የመንግሥት ኮሙኒኬሽን አገልግሎት ተብሎ ተመለሰ። ስሙ ይለዋወጣል፤ ተመራቂው የሚያንኳኳው በር ግን ያው ነው።

በተማሪዎቼ አልፈርድም። እንጀራ ነውና። የምፈርደው በራሴ ነው። የዚያች ልጅ ጥያቄ እንቅልፍ ቢነሣኝ ያለፉትን ዓመታት የፈተና ወረቀቶቼን አውጥቼ አገላበጥሁ። «ተርጉሙ»፣ «ዘርዝሩ»፣ «አብራሩ» የሚል ሞልቷል። «ጠይቁ» የሚል አንድም አላገኘሁም። መንግሥትን በምከስስበት አንደበቴ፣ ለካ እኔም ያንኑ ትምህርት በዶክትሬት ማዕረግ ስሰጥ ኖሬያለሁ!

በሚመጣው መንፈቀ ዓመት ለተማሪዎቼ የማድላቸው አንድ ለሕዝብ ይፋ የሆነ የፌዴራል ዋና ኦዲተር ሪፖርት ነው። ፈተናው መልስ አይፈልግም፤ ሪፖርቱን አንብበው፣ ለማን እንደሚቀርቡ ጭምር ለይተው አሥር ጥያቄ ይጽፋሉ። ለዚያች ተማሪ ዘግይቼም ቢሆን የምሰጣት ምላሽ ይኸው ነው።

ቸር እንሰንብት።