ቢላዋው ቀደመ፣ ምርመራው ዘገየ

በ1891 መጀመሪያ (ዓመታቱ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) ሐረር የሚነግደው ፈረንሳዊው ባለቅኔ አርተር ራምቦ ለእናቱ ደብዳቤ ላከ። ጉልበቱን አሞታል፤ የደም ሥር መወጠር መስሎት ጠበቅ ያለ የሕክምና ካልሲ እንድትልክለት ይለምናል። ካልሲው የሚያድነው ዓይነት ሕመም አልነበረም። በሚያዝያ፣ ቃሬዛ አሠርቶ በ16 ሰዎች ሸክም በረሃውን አቋርጦ ዘይላ ደረሰ። ኤደን ከተማ ያገኘው ሐኪም የመገጣጠሚያ ቁጣ ነው አለው። ዕጢ መሆኑ የተነገረው ማርሴይ ነው። እግሩ በግንቦት ተቆረጠ፤ በኅዳር፣ በ37 ዓመቱ ሞተ።

የሚገርመው፣ ራምቦ በታኅሣሥ 1880 ሐረር በገባ በወሩ ገደማ፣ ቴዎዶር ቢልሮት ቪየና ላይ የአንዲት ሴት ጨጓራ በካንሰር የተያዘውን ጫፍ ቆርጦ ቀሪውን ከአንጀቷ ጋር ሰፍቶ ነበር። ሴትዮዋ ከቀዶ ሕክምናው ተርፋ ከአራት ወር በኋላ ሞተች። ሐረርም ብዙ አልቆየችም፤ በምዕተ ዓመቱ መባቻ ራስ መኰንን ዛሬ ጁገል የሚባለውን ሆስፒታል አቋቋሙ። የጓዴሎፑ ተወላጅ ዶክተር ጆሴፍ ቪታሊያንም እሳቸውን አገልግሏል። ሕይወት ፋና ሆስፒታል የመጣው በኋላ፣ በጣሊያን ዘመን ነው።

ቢላዋ ግን የቆረጠውን አያውቅም። ከጨጓራ ግድግዳ የሚነሣው ስትሮማል ዕጢ (ሐኪሞች ጂስት ይሉታል) ለረጅም ጊዜ ተራ የጡንቻ ዕጢ ተብሎ ሲታለፍ ኖረ። ስሙን ያገኘው በ1983 ነው፤ በ1998 የጃፓን ተመራማሪዎች ኪት የተባለው ዘረመል መበላሸቱን አሳዩ። ከዚያ ኢማቲኒብ የተባለው ክኒን መጣ፤ አሜሪካ ለዚህ ዕጢ በ2002 ፈቀደችው።

ቀዶ ሕክምናው ራሱ ከሌላው የጨጓራ ካንሰር ይቀላል። ዕጢው በዙሪያው ካለው ጥቂት ጤነኛ ግድግዳ ጋር ይወጣል፤ ንፍፊቶችን መልቀም አብዛኛውን ጊዜ አያስፈልግም። አንድ ነገር ግን ይቅር አይባልም፦ ዕጢው እጅ ላይ ከፈረሰ ሕዋሳቱ ሆድ ውስጥ ይረጫሉ። ከዕጢው በላይ ያለው የጨጓራ ሽፋን ጤነኛ ሊመስል ስለሚችል፣ በኢንዶስኮፒ የሚወሰደው ቁንጥር ናሙናም ባዶ ሊመለስ ይችላል። ቁርጡ የሚለየው የወጣው ሥጋ ልዩ ቀለም ተቀብቶ በማይክሮስኮፕ ሲታይ ነው። ይህ ምርመራ በየሆስፒታላችን አይገኝም፤ በእኔ ግምት የዛሬው ትልቁ ክፍተት ይኸው ነው። ስሙ ያልተረጋገጠ ዕጢ ክኒኑን አያስገኝም፤ የመመለስ ሥጋቱ ከፍ ላለ ሕመምተኛ ደግሞ ክኒኑ ከቀዶ ሕክምና በኋላ ለሦስት ዓመት ይታዘዛል።

ሐረር፣ ጊደር መጋላ ገበያ ውስጥ ሆዴን አመመኝ ላለ ሰው መልሱ ቅርብ ነው፤ “ጨጓራ ነው”፤ ከዚያ ጥቁር አዝሙድ ወይም የፋርማሲ ክኒን። ብዙ ጊዜ እውነት ነው። ሰገራዎ እንደ ሬንጅ ከጠቆረ፣ ያለ ምክንያት ደምዎ ካነሰ ወይም ሆድዎ ላይ እብጠት ከዳሰሱ ግን ክኒኑን ትተው ሐኪም ዘንድ ይሂዱ። ዕጢ ከወጣልዎ ወደ ፓቶሎጂ መላኩን ይጠይቁ፤ የውጤቱንም ወረቀት አይጣሉ።