የናርቦን ወይን ገበሬዎችና የማኅበራቸው መዝገብ

ባለፈው የዕድራችን ስብሰባ አንድ ወንድማችን ተነስቶ «ሰው ሲሞት አብረን እንቀብራለን፤ ታዲያ ይሄ ሁሉ መዝገብና ስብሰባ ምን ያደርግልናል?» ብሎ ጠየቀ። በዕለቱ መልስ አጣሁለት። እኔ ትምህርቴ ከስድስተኛ ክፍል ያላለፈ፣ ዕድሜዬን መዝገብ ሳገላብጥ የጨረስኩ ጡረተኛ ጸሐፊ ነኝ። ኋላ ግን ስለ ፈረንሳይ ወይን ገበሬዎች ያነበብኩት ታሪክ ትዝ አለኝና ለጥያቄው መልስ ይሆናል ብዬ ጻፍኩት። ዘመኑ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ነው።

በደቡብ ፈረንሳይ ላንግዶክ በሚባለው አገር ሕዝቡ የሚኖረው በወይን ነበር። ከ1860ዎቹ ጀምሮ ፊሎክሴራ የሚባል ተባይ ሥሩን እየበላ ተክሉን ፈጀው። ወይን ሲጠፋ ነጋዴው ከዘቢብ፣ ከስኳርና ከውሃ ወይን ጠጅ የሚመስል ነገር መሥራት ለመደ። ማር ያልነካውን የስኳር ጠጅ የቀመሰ ሰው ነገሩ ይገባዋል። ገበሬው ሥሩን ተባይ የማይጎዳውን የአሜሪካ ወይን አምጥቶ፣ የራሱን በላዩ አዳቅሎ እንደገና ሲተክልም የስኳሩ ወይን ከገበያ አልወጣም። በዚያ ላይ ምርቱ በዛ፤ ከአልጄሪያም ይገባ ነበር። ዋጋው ወደቀና ገበሬው ዕዳውን መክፈል አቃተው።

አርዤሊዬ በምትባል መንደር ማርስለን አልቤር የሚባል አነስተኛ የወይን ገበሬና የቡና ቤት ባለቤት ነበር። ለዓመታት ብቻውን ሲጮህ ሰው እንደ እብድ አየው። ማርች 11 ቀን 1907 ግን 87 የመንደሩ ሰዎች ናርቦን ከተማ ድረስ ሄደው ለፓርላማ መርማሪ ኮሚሲዮን አቤት አሉ። ከዚያ ወዲያ እሑድ እሑድ በየከተማው መሰብሰብ ሆነ። ጁን 9 ቀን ሞንፐልዬ ላይ የተሰበሰበው ሰው ከግማሽ ሚሊዮን በላይ እንደነበረ ይገመታል። ባለ ብዙ መሬቱና የቀን ሠራተኛው፣ ንጉሥ ይመለስ የሚለውና ሶሻሊስቱ ጎን ለጎን ቆሙ። የናርቦን ከንቲባ ዶክተር ኤርነስት ፌሩል ሥልጣኑን ለቀቀ፤ ብዙ የማዘጋጃ ቤት ሹሞችም ተከተሉት።

ጠቅላይ ሚኒስትሩ ክሌማንሶ ጦር ላከ። ፌሩል ታሰረ፤ ጁን 19 እና 20 ናርቦን ላይ ወታደር ተኩሶ ሰዎች ሞቱ። የ17ኛው እግረኛ ሬጅመንት ወታደሮች ብዙዎቹ የዚያው አገር ልጆች ነበሩና፣ ይህን ሲሰሙ ከነመሣሪያቸው አምፀው ወደ ቤዚዬ ከተማ ገቡ።

ተደብቆ የነበረው አልቤርም ፓሪስ ሄዶ ክሌማንሶ ፊት ቀረበ። ክሌማንሶ «ሕዝቡን አረጋጋ» ብሎ ለባቡር መሳፈሪያ 100 ፍራንክ ሰጠው፤ ይህንኑም ለጋዜጠኞች አወራ። ያ ሁሉ ሕዝብ የተከተለው ሰው በአንዲት ወረቀት ገንዘብ የተነሳ «ተሸጠ» ተባለ። በ1921 በድህነት ሞተ።

ሕጉ ጁን 29 ቀን 1907 ወጣ። ገበሬው የምርቱን መጠን እንዲያስመዘግብ ግድ ሆነ፤ ለወይን ጠጅ በሚገባ ስኳር ላይም ተጨማሪ ቀረጥ ተጣለ። ሕግ ግን የሚከታተለው ከሌለ ወረቀት ነው። ስለዚህ ሴፕቴምበር 22 ቀን የየአውራጃው ወይን ገበሬዎች ናርቦን ላይ አንድ ጠቅላላ ማኅበር አቋቋሙ። ሊቀ መንበሩ ፌሩል ሆነ። ማኅበሩ መዋጮ ሰብስቦ፣ የራሱን ተቆጣጣሪዎች ቀጥሮ፣ አጭበርባሪውን እየያዘ ፍርድ ቤት አቆመ።

ይህ ልማድ በአውሮፓ ሰፋ። በ2008 የአውሮፓ ኅብረት አዲስ ወይን በመትከል ላይ የነበረው ገደብ ከ2015 በኋላ እንዲነሳ ወሰነ። ምርቱ በዝቶ ዋጋው እንዳይወድቅ የሰጉት ወይን አምራች ክልሎች፣ የክልል ሹሞችና አምራቾች አብረው በሚቀመጡበት በጋራ ጉባኤያቸው አማካይነት ተቃወሙ። ክርክሩ ዓመታት ወስዶ በ2013 ውሳኔው ተለወጠ። ከ2016 ጀምሮ ያለ ፈቃድ መትከል ቀረ፤ ጭማሪውም በዓመት ከመቶ አንድ እንዳይበልጥ ተደረገ።

እኔም በወጣትነቴ በነበርኩበት አንድ ማኅበር ሒሳቡ ያለ መዝገብ በአንድ ሰው እጅ ነበር። ሰውየው ድንገት ሲሞት ገንዘቡ የት እንዳለ የሚያውቅ ጠፋ። የራሱን ቀብር እንኳ ከየቤታችን እንደገና አዋጥተን ፈጸምን።

ወንድሜ ሆይ፤ ድር ቢያብር አንበሳ ያስር እንላለን፤ እውነት ነው። ሞንፐልዬ ላይ የወጣው ሕዝብ ሕጉን አመጣ፤ ሕጉን የጠበቀው ግን መዋጮና መዝገብ ያለው ማኅበር ነው። ስለዚህ በሚመጣው ስብሰባ አትቅር፤ መዝገቡንም ራስህ ገልጠህ እየው።