የስቶክተኑ እንደራሴ፦ በኢትዮጵያ ጉዳይ ከገዛ ፓርቲያቸው የተለዩት ሃሮልድ ማክሚላን

ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ጄኔቭ በተሰበሰበው የመንግሥታት ማኅበር ጉባኤ ፊት ቆመው የአገራቸውን አቤቱታ ያሰሙት ሰኔ 23 ቀን 1928 ዓ.ም. ነበር። ያ ንግግር በየታሪክ መጽሐፋችን አለ። ከዚያ አንድ ቀን ቀደም ብሎ ለንደን ውስጥ የሆነው ግን እምብዛም ሲወሳ አይሰማም። ሃሮልድ ማክሚላን የተባሉ የ42 ዓመት የእንግሊዝ ምክር ቤት አባል ለጠቅላይ ሚኒስትር ስታንሊ ባልድዊን ደብዳቤ ጻፉ። መንግሥት በጣሊያን ላይ የተጣለው ማዕቀብ እንዲነሳ መወሰኑን እንደሚቃወሙና ከእንግዲህ ለመንግሥት ተጠሪው መመሪያ እንደማይገዙ አስታወቁ። ደብዳቤውን የጻፉት ግን የተቃዋሚው ወገን ሰው ሆነው ሳይሆን የገዢው የወግ አጥባቂ ፓርቲ አባል ሆነው ነው።

የዚያን ደብዳቤ ክብደት ለመረዳት የእንግሊዝን ምክር ቤት አሠራር ማወቅ ያስፈልጋል። የፓርቲው ተጠሪ ለአባላቱ በየሳምንቱ የሥራ ዝርዝር ይልካል። ከዝርዝሩ መካከል አንድ ጊዜ የተሰመረበት ጉዳይ ቀለል ያለ ነው። ሦስት ጊዜ የተሰመረበት ግን ሞት ወይም ሕመም ካልከለከለ በስተቀር ተገኝተህ ከፓርቲህ ጋር ድምፅ ስጥ ማለት ነው። ድምፅ የሚሰጠውም እጅ በማውጣት አይደለም። አባላቱ ከወንበራቸው ተነስተው፣ ደጋፊ በአንዱ መተላለፊያ፣ ተቃዋሚ በሌላው እየገቡ ይቆጠራሉ። ስለዚህ ከፓርቲው የሚለይ ሰው ወዳጆቹ ዓይናቸውን ተክለው እያዩት በእግሩ ተራምዶ ወደ ተቀናቃኞቹ መሄድ አለበት። ማን ወዴት እንደገባም በማግስቱ ታትሞ ይወጣል።

ከጦር ሜዳ ወደ ስቶክተን

ማክሚላን በ1894 (በዚህ ጽሑፍ የእንግሊዝ ነገር የሚነገረው በአውሮፓውያን አቆጣጠር ነው) የተወለዱት ከታወቀ የመጽሐፍ አሳታሚ ቤተሰብ ነው። የተማሩት በኢተንና በኦክስፎርድ ነው። የአንደኛው የዓለም ጦርነት ሲነሳ ግን ትምህርቱን ትተው ዘመቱ፤ ደጋግመውም ቆሰሉ። በመስከረም 1916 በሶም ግንባር ክፉኛ ተመትተው መድፍ በቆፈረው ጉድጓድ ውስጥ ለሰዓታት ተኝተዋል። የጀርመን ወታደሮች በአጠገባቸው ሲያልፉ እንደ ሞተ ሰው ጸጥ እያሉ፣ በመካከሉም በኪሳቸው የያዙትን የጥንታዊውን ግሪካዊ ጸሐፌ ተውኔት የኤስኪለስን ድርሰት በራሱ በግሪክኛው እያነበቡ ቆዩ። ከዚያ ቁስል በኋላ እግራቸውን እየጎተቱ የሚሄዱ ሰው ሆነው ቀሩ።

በ1924 ወደ ምክር ቤት የላካቸው በሰሜን ምሥራቅ እንግሊዝ የሚገኘው የስቶክተን ሕዝብ ነው። ስቶክተን በመርከብ ሥራና በብረት የሚተዳደር የሠራተኛ ከተማ ነበር። የኢኮኖሚው ቀውስ ሲመጣ ያ ሁሉ ሥራ ተዳከመ። ጉልበት ያላቸው ሰዎች በየመንገዱ ቆመው ሥራ ሲጠብቁ ማየት ማክሚላንን ለወጣቸው። በ1929 ተሸንፈው በ1931 ሲመለሱ፣ ገበያው ራሱን በራሱ ያርማል የሚለውን የፓርቲያቸውን እምነት ፊት ለፊት መሞገት ያዙ። መንግሥት ኢኮኖሚውን በዕቅድ ይምራ፣ ለሠራተኛውም ዝቅተኛ የደመወዝ ወለል ይበጅለት አሉ። ይህንኑ ሐሳብ በ1938 “መካከለኛው መንገድ” በሚል መጽሐፍ አወጡት። ለፓርቲው አለቆች ማክሚላን በመጽሐፍ የተጠመደ፣ ነገር የሚያበዛ፣ የማይመች ሰው ነበሩ።

የሰኔው ድምፅ

ሙሶሊኒ ኢትዮጵያን የወረረው መስከረም 22 ቀን 1928 ዓ.ም. ነው። በወሩ እንግሊዝ ምርጫ ነበረባት። የባልድዊን መንግሥት ለመንግሥታት ማኅበር ቃል ኪዳን እንደሚቆም ለሕዝቡ እየነገረ ተወዳደረና ኅዳር 14 ቀን 1935 በሰፊ ድምፅ አሸነፈ። ከምርጫው አራት ቀን በኋላ በጣሊያን ላይ ማዕቀብ ተጣለ። ነገር ግን ማዕቀቡ የጣሊያንን ታንክና አውሮፕላን የሚያንቀሳቅሰውን ነዳጅ አልነካም። የስዊዝ ቦይም ለጣሊያን መርከቦች ክፍት እንደሆነ ቆየ። በታኅሣሥ የእንግሊዙ የውጭ ጉዳይ ሚኒስትር ሳሙኤል ሆር ከፈረንሳዩ ላቫል ጋር ሆነው ከኢትዮጵያ ሰፊ መሬት ቆርሶ ለወራሪው የሚሰጥ ውጥን አዘጋጁ። ውጥኑ ሲጋለጥ የእንግሊዝ ሕዝብ ተቆጣ፤ ሆርም ሥልጣናቸውን ለቀቁ።

ሚያዝያ 27 ቀን 1928 ዓ.ም. አዲስ አበባ በጠላት እጅ ወደቀች። ያን ጊዜ የለንደን ሹማምንት ማዕቀቡን ሸክም አድርገው ማየት ጀመሩ። የገንዘብ ሚኒስትሩ ኔቪል ቼምበርሌን በሰኔ 10 ቀን 1936 ንግግራቸው ማዕቀቡን መቀጠል የለየለት እብደት ነው አሉ። ከስምንት ቀን በኋላ አዲሱ የውጭ ጉዳይ ሚኒስትር አንተኒ ኢደን መንግሥት ማዕቀቡ እንዲነሳ መወሰኑን ለምክር ቤቱ አስታወቁ።

ተቃዋሚው ሌበር ፓርቲ መንግሥትን የሚነቅፍ የውሳኔ ሐሳብ አቀረበ። በአውሮፓውያኑ ሰኔ 23 ቀን 1936 ድምፅ ሲሰጥ የመንግሥት ወገን በከፍተኛ ብልጫ እንደሚያሸንፍ የማያውቅ አልነበረም። ማክሚላንና ሌላው ወግ አጥባቂ እንደራሴ ቪቪያን አዳምስ ግን ተነስተው ከተቃዋሚዎቹ ጋር በአንድ መተላለፊያ ገቡ። በሳምንቱ ማክሚላን ያንን ደብዳቤ ጻፉ።

ማክሚላን የቆሙለት ጉዳይ የኢትዮጵያ ብቻ አልነበረም። ትልልቆቹ መንግሥታት ለደካማው አገር የገቡትን ቃል ካፈረሱ ነገ በአውሮፓም ማንም ማንንም አያምንም የሚል ሥጋት ነበራቸው። ንጉሠ ነገሥቱም ጄኔቭ ላይ ያስጠነቀቁት ይህንኑ ነበር። ሁለቱም የሚሰማቸው አላገኙም፤ ማዕቀቡ በሐምሌ ተነሳ።

ከሁለት ወደ አርባ

እንደ ማክሚላን ያለ እንደራሴ በሁለት ወገን ይወቀሳል። የፓርቲው ሰው ከዳተኛ ይለዋል። ሌላው ደግሞ ይህን ያህል ካልተስማማህ ለምን ጨርሰህ አትወጣም ይለዋል። ማክሚላን አንድ ዓመት ያህል ለብቻቸው ከቆሙ በኋላ፣ ቼምበርሌን ጠቅላይ ሚኒስትር በሆኑበት በ1937 ወደ ፓርቲያቸው ተመለሱ። ሲመለሱ ግን ምላሳቸውን ቆልፈው አልነበረም።

ቼምበርሌን በ1938 ሙኒክ ላይ የቼኮዝሎቫኪያን መሬት ለሂትለር ሲለቁ፣ ማክሚላን ስምምነቱን በድምፅ ለመደገፍ እምቢ ካሉት ወግ አጥባቂዎች አንዱ ነበሩ። በዚያው ዓመት በኦክስፎርድ የማሟያ ምርጫ ሲደረግ፣ የፓርቲያቸውን ዕጩ ኩዊንቲን ሆግን ትተው፣ ሙኒክን ተቃውመው የቆሙትን የኮሌጅ ኃላፊ ሊንድሴይን በይፋ ደገፉ። ይህ ከፓርቲው ሊያስባርር የሚችል ድፍረት ነበር። ሆግ አሸነፉ። ማክሚላን ደግሞ አገራቸውን ጥለው የተሰደዱ ቼኮችን በገጠር ቤታቸው አስጠለሉ።

ግንቦት 8 ቀን 1940 ምክር ቤቱ በኖርዌይ ስለደረሰው ሽንፈት ተከራክሮ ድምፅ ሰጠ። መንግሥት 281 ለ200 አሸነፈ። ነገር ግን ከ200 በላይ የነበረው ብልጫ ወደ 81 ወርዶ ነበር። 40 ያህል የመንግሥት ደጋፊዎች በተቃዋሚዎቹ መተላለፊያ ገብተዋል፤ ማክሚላንም አንዱ ነበሩ። በሁለት ቀን ውስጥ ቼምበርሌን ወርደው ቸርችል ተተኩ። ከአራት ዓመት በፊት ለኢትዮጵያ የተገባውን ቃል መጠበቅ እብደት ነው ያሉት ሰው፣ በገዛ ፓርቲያቸው አባላት እምቢታ ከሥልጣን ለቀቁ።

እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል ይባላል። ይሁን እንጂ በፖለቲካ እውነት በራሷ አትጠራም፤ የሚቆምላት ሰው ትፈልጋለች። የ1940ው እምቢታ በአንድ ሌሊት አልተወለደም። ፓርቲን ፊት ለፊት መቃወም እንደሚቻል፣ ተቃውሞም ሰውየውን እንደማይገድለው አስቀድመው ያሳዩ ነበሩ። በ1936 ያ ድምፅ አዲስ አበባን አላዳነም፤ አገሪቱን ያስከበሩት አምስት ዓመት የተዋደቁት አርበኞች ናቸው። ነገር ግን የተሸነፈ ድምፅ ሁሉ ከንቱ እንዳልሆነ የማክሚላን ታሪክ ይመሰክራል።

ማክሚላን በቸርችል መንግሥት የመጀመሪያ ሹመታቸውን ሲያገኙ ምክር ቤት ከገቡ 16 ዓመት ሆኗቸው ነበር። በ1957 ጠቅላይ ሚኒስትር ሆኑ። በወንበሩ ላይ ሲቀመጡ እሳቸውም ጨካኝ መሆን ይችሉ ነበር። በሐምሌ 1962 በአንድ ቀን ሰባት ሚኒስትሮቻቸውን አሰናብተዋል። በየካቲት 1960 ደግሞ ኬፕታውን ላይ የአፍሪካ ሕዝቦች የነፃነት ጥያቄ ሊካድ እንደማይችል ለደቡብ አፍሪካ ነጭ ገዢዎች በግልጽ ሲናገሩ፣ ከፓርቲያቸው ቀኝ ክንፍ ብርቱ ተቃውሞ ገጥሟቸዋል።

በ90 ዓመታቸው የሎርድነት ማዕረግ ሲሰጣቸው የመረጡት ስም ስቶክተን ነበር። በኅዳር 1984 በላይኛው ምክር ቤት ባደረጉት የመጀመሪያ ንግግር፣ የራሳቸው ፓርቲ መሪ ማርጋሬት ታቸር ከማዕድን ሠራተኞች ጋር በተፋጠጡበት ጊዜ፣ ስለነዚያ ሠራተኞች ክብር በሐዘን ተናገሩ። በሁለቱ ታላላቅ ጦርነቶች እጅ ያልሰጡ ሰዎች ናቸው አሉ። በቀጣዩ ዓመትም የመንግሥት ድርጅቶች ሽያጭ በተያዘበት መንገድ ላይ ያላቸውን ቅሬታ አሰሙ። እስከ 92ኛ ዓመታቸው፣ እስከ ሞታቸው ድረስ፣ ወግ አጥባቂ እንደሆኑ ኖሩ።

እንደራሴ የሚመረጠው በፓርቲ ስም ነው፤ የሚወክለው ግን ሕዝብን ነው። በሁለቱ መካከል ሲጠየቅ ሁልጊዜ ፓርቲውን የሚመርጥ ሰው በምክር ቤቱ መኖሩ ከመቆጠር አያልፍም። በየሰበቡ የሚያኮርፍም ለማንም አይጠቅምም። ማክሚላን የተለዩት መራጩ የተነገረው ቃል ሲታጠፍ፣ ደካማው ለጉልበተኛ ሲሰጥ ነው። ዋጋውንም ሹመት ሳያገኙ ባሳለፏቸው ዓመታት ከፍለዋል። ፓርቲ የሚታረመው እንዲህ ባለ ሰው ነው። እንዲህ ያለውን ሰው የማይታገሥ ፓርቲ ግን ስህተቱን የሚያውቀው ሕዝቡ ከጣለው በኋላ ነው።