የአሜሪካውያን የፖለቲካ ጎራዎችና የሙስሊሙ ድምፅ

 

ውድ አድማጮቻችን! ቡና ተፈልቶ ወሬ ሲነሳ «አሜሪካኖች እንዲህ አሉ፣ አሜሪካኖች እንዲህ አደረጉ» ማለት ለምደናል። አንድ አፍና አንድ ልብ ያለው ሕዝብ እናስመስለዋለን። ዋሽንግተን ወይም ሚኒያፖሊስ ዘመድ ያለው ቤተሰብ ግን በስልክ ሌላ ነገር ይሰማል። ልጁ ዜግነት አግኝቷል፤ የመምረጥ መብት አለው፤ «ማንን ልምረጥ?» ብሎ ይጨነቃል። አንደኛው ወገን ለስደተኛው ይቆረቆራል፤ ስለ ጋብቻና ስለ ቤተሰብ ያለው አቋም ግን ከዲናችን ጋር አይገጥምም። ሌላኛው ስለ ቤተሰብ የሚናገረው ጆሮ ይስባል፤ ስለ ሙስሊሙ የሚናገረው ግን ያስደነግጣል። ይህ ጭንቀት ዛሬ የተፈጠረ አይደለም፤ ታሪክ አለው። ኢንሻአላህ በዛሬው ዝግጅታችን እሱን እናያለን። የምንጠቅሳቸው ዓመታት በሙሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

አስቀድመን ስሞቹን እናጥራ። በአሜሪካ «ሊበራል» ሲባል መንግሥት ድሃውን እንዲደግፍ፣ ሀብታሙ ብዙ ግብር እንዲከፍል፣ የግል ሕይወት ግን ለግለሰቡ እንዲተው የሚፈልግ ሰው ነው። በአውሮፓ ይኸው ቃል አብዛኛውን ጊዜ የነጻ ገበያ ደጋፊን ስለሚያመለክት ጋዜጣ አንባቢ ይደናገራል። «ኮንሰርቫቲቭ» ወይም ወግ አጥባቂው ደግሞ ግብርም የመንግሥት እጅም እንዲያንስ፣ የሃይማኖትና የቤተሰብ ወግ እንዲጠበቅ ይሻል። ጋለፕ የተባለው የሕዝብ አስተያየት ሰብሳቢ ድርጅት በ2024 ሲጠይቅ 37 በመቶ ያህሉ ራሳቸውን ወግ አጥባቂ፣ 34 በመቶ ያህሉ መካከለኛ፣ 25 በመቶ ያህሉ ሊበራል ብለዋል። ግማሹን የያዘ ወገን የለም ማለት ነው።

ሌሎችም አሉ። ሊበርታሪያን የሚባሉት «መንግሥት ከኪሴም፣ ከቤቴም፣ ከሰው አገር ጦርነትም እጁን ያንሳ» ባዮች ናቸው፤ በ1971 በስማቸው ፓርቲ አቋቁመዋል። ሶሻሊስቶችም ነበሩ፣ አሁንም አሉ። ዩጂን ዴብስ የተባለው የሠራተኞች መሪ በ1912 ለፕሬዚዳንትነት ተወዳድሮ 900,000 ያህል ድምፅ አገኘ፤ ከመራጩ 6 በመቶ ነው። በ1918 የአንደኛውን የዓለም ጦርነት የሚቃወም ንግግር በማድረጉ ታሰረ። በ1920 እስር ቤት ሆኖ ተወዳድሮ አሁንም ከ900,000 በላይ ሰው መረጠው።

ታዲያ ይህ ሁሉ አመለካከት እያለ ለምን የሁለት ፓርቲዎችን ስም ብቻ እንሰማለን? ምክንያቱ የምርጫ ሕጉ ነው። በየወረዳው አንደኛ የወጣው ብቻ ወንበሩን ይወስዳል፤ ሁለተኛና ሦስተኛ የወጣው ባዶ እጁን ይቀራል። ስለዚህ ሰው ድምፁ በከንቱ እንዳይቀር ከሁለቱ ትልልቅ ቤቶች በአንዱ ይጠለላል። በሪፐብሊካኖች ጣሪያ ሥር ወንጌላውያን፣ ነጋዴዎች፣ ጦርነት ወዳዶችና ጦርነትን የሚጠሉ አብረው ያድራሉ። በዴሞክራቶቹ ጣሪያ ሥርም የሠራተኛ ማኅበራት፣ ጥቁር አሜሪካውያን፣ የዩኒቨርሲቲ ምሁራንና ሶሻሊስቶች አሉ። ጭቅጭቁ በቤቶቹ መካከል ብቻ አይደለም፤ በየቤቱ ውስጥም ነው።

ስሞቹም በአንድ ቦታ አልቆዩም። ሪፐብሊካን ፓርቲ በ1854 ሲመሠረት ዓላማው የባርነትን መስፋፋት መቃወም ነበር፤ አብርሃም ሊንከን በ1860 የተመረጡት በዚህ ፓርቲ ነው። የደቡብ ባሪያ አሳዳሪዎች መሸሸጊያ ዴሞክራት ፓርቲ ነበር። መቶ ዓመት ቆይቶ ነገሩ ተገለበጠ። በ1964 የጥቁሮችን መብት የሚያስከብረውን ሕግ የፈረሙት ዴሞክራቱ ፕሬዚዳንት ጆንሰን ሲሆኑ፣ ሕጉን በሴኔት የተቃወሙት ባሪ ጎልድዋተር በዚያው ዓመት የሪፐብሊካኖች እጩ ሆኑ። ጎልድዋተር በምርጫው ክፉኛ ቢሸነፉም አምስት የደቡብ ግዛቶችን ወሰዱ፤ ደቡብ ከዴሞክራቶች ማምለጥ ጀመረ።

ሙስሊሙ በዚህ ታሪክ ውስጥ እንግዳ አይደለም። ከምዕራብ አፍሪካ በባርነት ከተጋዙት መካከል ብዙዎች ቁርኣን የቀሩ ነበሩ። ከፉታ ቶሮ ተወስዶ ኖርዝ ካሮላይና ውስጥ በባርነት የኖረው ዑመር ኢብን ሰዒድ በ1831 የሕይወት ታሪኩን በዐረብኛ ጻፈ፤ ጽሑፉ ዛሬ በአሜሪካ የምክር ቤት ቤተ መጻሕፍት ይገኛል። እንዲህ ያሉ ሰዎች በሰንሰለት ሳሉ የሃይማኖት ነጻነትን ሕግ ያረቀቁት ቶማስ ጀፈርሰን በመደርደሪያቸው የእንግሊዝኛ የቁርኣን ትርጉም ነበራቸው፤ በ1765 የገዙት ነው። ጀፈርሰን ግን ራሳቸው ባሪያ አሳዳሪ ነበሩ። ነጻነትን የጻፈው እጅና ሰውን የገዛው እጅ አንድ ነበር።

ማልኮም ኤክስ፣ በኋላ አል-ሐጅ ማሊክ አል-ሸባዝ፣ ይህን ተቃርኖ አሳምሮ ያውቅ ነበር። ወግ አጥባቂውን በተኩላ፣ ሊበራሉን በቀበሮ ይመስላቸው ነበር፤ አንዱ ጥርሱን አሳይቶ፣ ሌላው ፈገግ ብሎ ይበላሃል ሲል። ብዙ ሰው ይህን የቁጣ ቃል ብቻ አድርጎ ይወስደዋል። ለእኛ ግን የታዘበ ሰው ምስክርነት ነው። መሐመድ ዐሊ በ1967 ለቬትናም ጦርነት አልዘምትም ሲል የቡጢ ዘውዱን የገፈፉት፣ አገሪቱ በዴሞክራት ፕሬዚዳንት በምትመራበት ወቅት ነው። ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ በ1971 ስምንት ለዜሮ ነጻ እስኪያወጣው ድረስ ወርቃማ ዓመታቱ ባከኑ።

አሁን ወደ ቅርቡ እንምጣ። በ1996 በፕሬዚዳንት ክሊንተን ፊርማ ከወጡት ሕጎች ጋር «የምስጢር ማስረጃ» የሚባለው ነገር የሙስሊሙ መነጋገሪያ ሆነ። አንድ የውጭ አገር ዜጋ እሱም ጠበቃውም በማያዩት ማስረጃ ሊታሰርና ሊባረር ይችላል። የታሰሩት በአብዛኛው ዐረቦችና ሙስሊሞች ነበሩ። በጥቅምት 2000 በቴሌቪዥን ክርክር ሪፐብሊካኑ ጆርጅ ቡሽ ይህንን አሠራር በስሙ ጠርተው ተቹ። ለብዙ ሙስሊም ቤተሰብ ትልቅ ነገር ነበር፤ በዚያ መድረክ ላይ የእነሱን ጉዳይ ያነሳ ሰው አይተው አያውቁም። ስለ ቤተሰብና ስለ ንግድ የሚናገሩትም ይስማማቸው ነበር። የሙስሊም ድርጅቶች ጥምረትም በዚያው ወር ቡሽን ምረጡ አለ። ቡሽ ፍሎሪዳን ያሸነፉት በ537 ድምፅ ብቻ ነው።

እዚህ ላይ ጥቁር አሜሪካውያን ሙስሊሞችን አለማንሳት ግፍ ይሆናል። ብዙዎቹ በውሳኔው ተቆጡ፤ «ማን አማከረን?» አሉ። የጥምረቱን መሪነት የያዙት በአብዛኛው ከእስያና ከዐረብ አገር የመጡት ነበሩ። የእነሱ ሐሳብ ንግድ፣ የውጭ ፖለቲካና የምስጢር ማስረጃ ሲሆን፣ የጥቁሩ ሙስሊም ሐሳብ የሰፈሩ ትምህርት ቤት፣ ፖሊስና ሥራ ነበር። በአንድ ሶፍ ሰግደው በሁለት ሳጥን ድምፅ ጣሉ። ሹራ በጎደለበት ቤት እንዲህ ያለ ነገር አይቀርም።

ዓመት ሳይሞላ መስከረም 11 ቀን 2001 ደረሰ። ፕሬዚዳንት ቡሽ በስድስተኛው ቀን ዋሽንግተን የሚገኘውን መስጂድ ጎብኝተው ስለ እስልምና መልካም ተናገሩ፤ ይህን መካድ አይገባም። ነገር ግን ጥቅምት 26 «ፓትሪዮት አክት» የተባለውን፣ ስልክን፣ የባንክ መዝገብን፣ ከቤተ መጻሕፍት የተዋሱትን መጽሐፍ ሳይቀር ለመመርመር የሚፈቅደውን ሕግ ፈረሙ። በ2002 ደግሞ ከ25 አገሮች የመጡ፣ ዜግነትም ቋሚ መኖሪያም የሌላቸው ወንዶች ቀርበው አሻራ እንዲሰጡ ታዘዙ። አገሮቹ ጥቂት ሲቀሩ ሙስሊም የሚበዛባቸው ናቸው። ከጎረቤቶቻችን ሶማሊያ፣ ሱዳንና ኤርትራ ነበሩበት። ከ80,000 በላይ ሰው ተመዘገበ።

ውድ አድማጮቻችን፣ የሰው ማንነት የሚለየው በፍርሃት ቀን ነው። በዚያ ወቅት ማን ምን ድምፅ ሰጠ? መስከረም 14 ቀን 2001 ለፕሬዚዳንቱ የጦርነት ሥልጣን ሲሰጥ በተወካዮች ምክር ቤት 420 ሰው ደገፈ፤ አንድ ሰው ብቻ ተቃወመ። እሷም ከካሊፎርኒያ የመጣችው ጥቁር ዴሞክራት ባርባራ ሊ ናት። የግድያ ዛቻ ስለበዛባት በጠባቂ መንቀሳቀስ ጀመረች። ፓትሪዮት አክት በሴኔት 98 ለ1 አለፈ፤ ብቸኛው ተቃዋሚ የዊስኮንሲኑ ሊበራል ረስ ፋይንጎልድ ነበሩ። በተወካዮች ምክር ቤት ከተቃወሙት 66 ሰዎች መካከል ሦስቱ ሪፐብሊካኖች ነበሩ፤ ከነሱም አንዱ የቴክሳሱ ሊበርታሪያን ሮን ፖል ናቸው። ሶሻሊስቱ በርኒ ሳንደርስም ከ66ቱ አንዱ ነበሩ። ስለ ግብርና ስለ ሕክምና ቢነጋገሩ እሳትና ጭድ የሚሆኑ ሰዎች ናቸው። በዚያች ቀን ግን በአንድ ወገን ቆሙ።

ስለዚህ የጎራው ስም ብዙ አልነገረንም። ሶሐቦች ወደ አገራችን የተሰደዱት የንጉሡን ሃይማኖት አይተው አልነበረም፤ ነጃሺ ዘንድ ሰው እንደማይበደል ተነግሯቸው ነው። በ2002 የኢራቅ ጦርነት ለድምፅ ሲቀርብ ሮን ፖል፣ ሊ፣ ፋይንጎልድና ሳንደርስ እንደገና ተቃወሙ። ከደገፉት መካከል ደግሞ ሦስት ታዋቂ ዴሞክራት ሴናተሮች ነበሩ፦ ሂላሪ ክሊንተን፣ ጆን ኬሪና ጆ ባይደን። በ2004 የሙስሊም ድርጅቶች ከቡሽ ሸሽተው ድጋፋቸውን የሰጡት ለኬሪ ነው፤ ያውም «የተቃውሞ ድምፅ» የሚል ስም ሰጥተው። ከወንጀለኛ ሸሽተው ከግብረ አበሩ ተጠጉ የሚል ሰው አይጠፋም። እኛ ግን ሌላ በር እንዳልነበራቸው እናስባለን።

በጥር 2007 የመጀመሪያው ሙስሊም የምክር ቤት አባል፣ የሚኒሶታው ኪት ኤሊሰን፣ በቁርኣን ላይ ቃለ መሐላ ፈጸመ። የተጠቀመበት ያንኑ የጀፈርሰንን ቁርኣን ነበር። ከሁሉ አስቀድሞ አቤት ያለው ተወካይ ከጀፈርሰን ግዛት ከቨርጂኒያ መሆኑ ያስገርማል።

ከሁሉ የሚያስተምረን ግን የጠቅላይ ፍርድ ቤቱ ነገር ነው። ፕሬዚዳንት ትራምፕ በጥር 2017 ሶማሊያንና ሱዳንን ጨምሮ የሰባት ሙስሊም አገሮችን ሰዎች መግቢያ ዘጉ። ያን ሰሞን በየአውሮፕላን ማረፊያው ወለል ላይ ተቀምጠው በነጻ ማመልከቻ ሲጽፉ ያደሩት ጠበቆች አብዛኞቹ ሙስሊሞች አልነበሩም። እገዳው ተሻሽሎ በ2018 ፍርድ ቤቱ ሲደርስ አምስት ወግ አጥባቂ ዳኞች አጸደቁት፤ አራት ሊበራሎች ተቃወሙ። ባይደን በ2021 ቢሽሩትም ትራምፕ በ2025 ተመልሰው ሶማሊያ፣ ሱዳንና ኤርትራ ያሉበትን ሌላ ዝርዝር አወጡ።

በሌላ በኩል በሜሪላንድ ሞንትጎመሪ ካውንቲ፣ ብዙ ኢትዮጵያውያን በሚኖሩበት፣ ትምህርት ቤቶች የተመሳሳይ ጾታ ጋብቻንና ጾታ መለወጥን የሚያነሱ የሕፃናት መጻሕፍት ማስነበብ ጀመሩ። ወላጆች ልጆቻቸውን ከዚያ ክፍለ ጊዜ የማስወጣት መብት ሲከለከሉ በ2023 ሰልፍ ወጡ። ሙስሊም እናቶችና ኢትዮጵያውያን ኦርቶዶክሶች ጎን ለጎን ቆሙ። በሰኔ 2025 ፍርድ ቤቱ 6 ለ3 ለወላጆቹ ፈረደ። ከስድስቱ አራቱ በ2018 እገዳውን ያጸደቁት ናቸው። ከተቃወሙት ሁለቱ፣ ሶቶማዮርና ኬገን፣ በ2018 ለሙስሊሙ የቆሙ ናቸው። የአንድ ቤተሰብን አያት ከአገሩ እንዳይገባ የሚያግድ ዳኛ፣ የዚያኑ ቤተሰብ ልጅ አስተዳደግ አስከበረ። በስልክ «ማንን ልምረጥ?» የሚለን ልጅ መጨነቁ ሲያንሰው ነው።

ሚሺጋንም ይህን አሳየን። በየካቲት 2024 በጋዛው ጦርነት የተቆጡ ከ100,000 በላይ መራጮች በዴሞክራቶች የቅድሚያ ምርጫ ባይደንን ትተው «ያልወሰነ» በሚለው ላይ ምልክት አደረጉ። በ2020 ከሁለት ሦስተኛ በላይ ድምፅዋን ለባይደን የሰጠችው ዲርቦርን በኅዳር 2024 ሦስት ቦታ ተከፈለች፦ ለትራምፕ 42፣ ለሃሪስ 36፣ ለአረንጓዴዋ ጂል ስታይን 18 በመቶ ያህል። በአቅራቢያዋ የምትገኘው የሃምትራምክ ሙስሊም ከንቲባም ትራምፕን ደገፉ። ዓመት ቆይቶ፣ በኅዳር 2025፣ የኒውዮርክ ሕዝብ በካምፓላ የተወለደውን ሙስሊም ሶሻሊስት ዞህራን ማምዳኒን ከንቲባ አድርጎ መረጠ። ሁለቱም ሙስሊሞች ናቸው፤ አንዱ ከቀኙ፣ ሌላው ከግራው ጫፍ።