አባይ ሲሞላ መጠበቅ

ከሉማሜ በደጀን በኩል ወደ ሸዋ የሚወርድ መንገደኛ ዛሬ አባይን በድልድይ ይሻገራል። ድልድይ ሳይኖር ግን ዕቃውን በቆዳ ጠቅልሎ፣ የተነፋ ስልቻ ታቅፎ እየዋኘ ነበር የሚሻገረው። ያን ዘመን ነፍስ ያተረፈው ስልቻው ብቻ አልነበረም፤ ከስልቻው በፊት በክረምት አለመሻገር ነበር። ሲራራ ነጋዴ ሐምሌ ሲገባ በደረሰበት ይከርም ነበር፤ ወንዙ ሳይጎድል አይነቃነቅም ነበር። ይህን ፍርሃት ነው የሚል የወንዙን ጠባይ ይመርምር። አባይ ሱዳን ድንበር ሲደርስ ከሚይዘው ውኃ ከጣና የሚወጣው ከ10 በመቶ አይበልጥም፤ ሌላውን የሚያመጡት በሽሎ፣ ጀማ፣ ሙገርና ብዙ ገባሮች ናቸው። መሻገሪያው ላይ ሰማዩ ጠርቶ ሳለ ወሎ ላይ የጣለው ዝናብ ደራሽ ሆኖ ሊመጣ ይችላል። ዳር ቆሞ በዓይን የለካ ሰው ይሳሳታል።

ለአሰሳና ለጀብዱ በጀልባ የመጡትም ይህንኑ ጠባይ አግኝተውታል። እ.ኤ.አ. በ1903 አሜሪካዊው ማክሚላን ያወረዳቸው የብረት ጀልባዎች ብዙ ሳይሄዱ ተሰባበሩ። በ1968 ካፒቴን ጆን ብላሽፎርድ ስኔል የመራው የእንግሊዝ ቡድን ውኃው ዓለቱን እንዲሸፍንለት ሆን ብሎ ክረምቱን መረጠ። የሠለጠኑ ወታደሮችና የጎማ ጀልባዎች ነበሩት፤ ሆኖም ኮርፖራል ኢያን ማክሊዮድ የሞላ ገባር ሲሻገር ሰጥሞ ሞተ። ዛሬም በወንዙ ለሚቀዝፍ የነፍስ አድን ጃኬት ግዴታ ነው፤ ያለ እሱ ማንም ጀልባ ላይ አይውጣ። ግን ጃኬት የሚደርሰው ሰው ውኃ ውስጥ ከወደቀ በኋላ ነው።

«አባቶች የጠበቁት ምርጫ አጥተው ነው» የሚል ይኖራል፤ እውነት አለው። መጠበቅ ለሁሉም አይቻልም። ሞጣን ከበጌምድር የሚያገናኘው፣ በአፄ ፋሲል ዘመን የተሠራው ድልድይ በጣሊያን ወረራ ጊዜ መካከሉ ከፈረሰ በኋላ፣ ገበያና ሕመም የሚያስቸኩለው ሰው ለብዙ አሥርት ዓመታት በገመድ እየተሳበ ክፍተቱን ተሻግሯል። እ.ኤ.አ. በ2002 የተገጠመለትን የብረት ጥገና በ2005 ጎርፍ ወሰደው፤ ተንጠልጣይ ድልድይ የተሠራው በ2009 ነው። ለተቸገረ ሰው መልሱ ድልድይ ነው፤ ጠብቅ ማለት ጭካኔ ይሆናል። ለመዝናናት ጀልባ የሚይዝ ግን የሚያመልጠው ገበያም፣ የሚሞትበት በሽተኛም የለም፤ ጥቅምትን ቢጠብቅ የሚጎድልበት ነገር አላይም። ባሕር ዳር አጠገብ ደግሞ ወቅት ብቻውን አይበቃም፦ የጨረጨራ ግድብ እ.ኤ.አ. በ1996፣ የጣና በለስ ኃይል ማመንጫ በ2010 ሥራ ከጀመሩ ወዲህ ከጣና የሚወጣውን ውኃ የሚወስኑት በር ከፋቾቹም ጭምር ስለሆኑ፣ ቀዛፊ ከመነሣቱ በፊት እነሱንም መጠየቅ አለበት።