ደሴቱ የመንግሥት፣ ሲሳዩ የአላህ

በደቡባዊ ቀይ ባሕር ነፋሱ ሲበረታ በትንሽ የሞተር ጀልባ ላይ ሆኖ መረቡን የሚጥለውን ዓሣ አጥማጅ እስቲ አስቡት። ከማዕበሉ ሌላ የድንበር ጠብም ይጠብቀዋል። እ.ኤ.አ. በ1995 ኤርትራና የመን በሐኒሽ ደሴቶች ሰበብ ተዋጉ። በ1998 የግልግል ዳኞች ዙቀርንና ሐኒሽን ለየመን ሲፈርዱ፣ የሁለቱም አገር አጥማጆች እንደ ጥንቱ በዚያ ማጥመዳቸው እንዲቀጥል ወሰኑ። በ1999 ሁለተኛ ውሳኔያቸው፣ ሰው በምድር ላይ የአላህ ኸሊፋ በመሆኑ ከባሕሩ ሲሳዩን የማግኘት መብት አለው የሚለውን ኢስላማዊ አስተሳሰብ ጠቀሱ። አጥማጁ የተሻለ ሞተር ቢገጥምም መብቱ አይቀርበትም፤ ለግዙፍ የንግድ አጥማጆች ግን መብቱ አይደርስም አሉ። ዳኞች በባሕር ላይ ድንበር ሲያሰምሩ የድሃውን እንጀራ አልዘነጉም። እኛስ አጥራችንን ስናጥር ጎረቤታችንን እናስታውሳለን?